የካይራ ወተት

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ ሕንድ፣ በዛሬዋ ጉጃራት፣ የካይራ ገበሬ ወተቱን የሚያስረክበው ለደላላ ነበር። ወደ ቦምቤይ የሚሄደውን ወተት ፖልሰን የተባለ የግል ድርጅት ጠቅልሎ ይዞታል፤ ዋጋ ቆራጩም እሱ ነው። ወተት ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ የተሻለ ገበያ አይጠብቅም።

ገበሬዎቹ በነጻነት ትግሉ መሪ በሰርዳር ፓቴል ምክር ወተት መሸጥ አቆሙ። አድማው 15 ቀን ያህል ቆየ፤ በ1946 መጨረሻም፣ በትሪቡቫንዳስ ፓቴል መሪነት፣ በኋላ «አሙል» በሚለው ስሙ የታወቀው የኅብረት ሥራ ዩኒየን ተመዘገበ።

የሚደነቀው ግን ከአድማው ይልቅ የዕለት ተዕለት አሠራሩ ነው። ጠዋትና ማታ አባላቱ የታለበውን ወደ መንደሩ ማኅበር ያመጣሉ። ወተቱ ይሰፈራል፣ ቅባቱ ይለካል፣ ክፍያው በዚያው ልክ ይታሰባል። ውሃ የቀላቀለ የሚጎዳው ራሱን ነው። አንዲት ጎሽ ያላትም ሆነች ብዙ ከብት ያለው ባለጸጋ በስብሰባው ላይ እኩል አንድ ድምፅ አላቸው፤ ለዚያ ዘመን መንደር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1949 የካይራ ከተማ ወደሆነችው አናንድ የደረሰው መሐንዲስ ቬርጊስ ኩሪየን ለማኅበሩ ገበያና ፋብሪካ አመጣለት። ባልደረባው ዳላያ ደግሞ አይሆንም ሲባል የነበረውን የጎሽ ወተት ዱቄት ሠራ። በቅዝቃዜው ወራት የሚተርፈውን ወተት መድፋት ቀረ።

ከ1970 ጀምሮ አሠራሩ በአገር አቀፍ ዕቅድ ተስፋፋ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሕንድ በወተት ምርት ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። ታሪኩን መነሻ ያደረገውን «ማንታን» የተሰኘ የ1976 ፊልም ወጪ የሸፈኑት 500,000 የጉጃራት ገበሬዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ አዋጥተው።