የሄርንሁት እኅቶች ወረቀት

በ18ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ምድር፣ ሄርንሁት በምትባል ከተማ በማኅበር ይኖሩ የነበሩ ያላገቡ የሞራቪያ ቤተ ክርስቲያን እኅቶች ለመጻሕፍት ልባስ የሠሩትን ኅብረ ቀለማዊ ወረቀት የተመለከተ ሰው፣ መነሻው የዱቄት ሙጫና ጥቂት ቀለም ብቻ መሆኑን ሲረዳ አድናቆቱ እጥፍ ይሆናል።

ይህን መሰሉን ወረቀት የሚሠራ ጥበበኛ ዱቄቱን በውሃ አብስሎ እንደ አጥሚት ካሳሳውና አጥልሎ በቀለም ከለወሰው በኋላ፣ በረጠበው ወረቀት ላይ በብሩሽ ይቀባዋል፤ ሳይደርቅም በማበጠሪያ፣ በጣት ወይም በተቀረጸ ማኅተም ሲነካው፣ የተገፋው ቀለም በዳር በዳሩ ይከማቻል፣ ከሥሩም የወረቀቱ ብርሃን ይገለጣል። እጅ በእያንዳንዱ ሉህ ላይ አዲስ ስለሚያልፍ፣ ሁለት ሉሆች ፈጽመው አንድ ዓይነት አይሆኑም።

ፍጻሜውም የትዕግሥት ሥራ ነው፤ ሲደርቅ የተኮማተረው ሉህ በመጫኛ ተጭኖ ይቃናል፣ ሙጫው በእርጥበት ዳግመኛ እንዳይለሰልስም ስስ ሰም ተቀብቶ፣ ቀለሙ እስኪደምቅ ድረስ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል።

የመጽሐፍን ጀርባና ገበታ የሚያያይዘውን ትሑት ሙጫ የዚያው መጽሐፍ ሽልማት እንዲሆን ያደረገ ጥበብ፣ ከወርቅ ቅብ ባላነሰ ክብር ሊወደስ ይገባዋል።