መጻተኛው ተማሪ
(ስለ «አዲስ ዓለም» መጽሐፍ የቀረበ ምርመራ)

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም፥ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» ያሉትን መጽሐፍ በ1925 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙ። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ የያዘው ነገር ግን ትልቅ ነው። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ትምህርት ፈልጎ ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ ተምሮም ወደ ሀገሩ ይመለሳል። ከተመለሰም በኋላ ስለ ተዝካር፥ ስለ ሠርግና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋራ ይከራከራል። ብዙ ሰዎች መጽሐፉን ስለዚህ ክርክር ሲሉ አንብበው አንዳንዱ አመስግኖታል፥ አንዳንዱም ነቅፎታል። እኛ ግን ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪ ከሀገሩ ወጥቶ ወደ ባዕድ ሀገር በገባበት በመጀመሪያው ሰሞን የሚደርስበት ፈተና በመጽሐፎቻችን እንደምን ተጽፏል የሚለው ነው። ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም፥ ከፈረስ ቤትም ሆነ ከሌላው ደብር፥ ልጁን ለትምህርት ወደ ሩቅ ሀገር የሚሸኝ አባት ስንቅ ከማሰናዳቱ ጋራ ይህንንም ሊያስብበት ይገባዋልና፥ ጥያቄው የመጻሕፍት ወዳጆች ብቻ አይደለም።

ለምርመራችን መለኪያ እናገኝ ዘንድ ከትንቢተ ዳንኤል የመጀመሪያውን ምዕራፍ እናስብ። ዳንኤል፥ አናንያ፥ ሚሳኤልና አዛርያ አራት ሆነው በአንድነት ወደ ባቢሎን ተወሰዱ፤ ሦስት ዓመትም የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ይማሩ ዘንድ ታዘዘ። ገና እንደ ገቡ ሦስት ነገር ቀረበላቸው፤ አዲስ ስም፥ አዲስ ቋንቋ፥ አዲስ ማዕድ። ስሙን ተቀበሉ፤ ዳንኤልም ብልጣሶር ተባለ። ቋንቋውንም ተማሩ፤ በጥበብም ከሀገሩ ጠቢባን በለጡ። በንጉሡ ማዕድ ግን አልረከሱም፤ ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ እየተሰጣቸው ይፈተኑ ዘንድ ለመኑ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ጸሐፊው በዚህ ምዕራፍ ስለ ባቢሎን ቅጥርና ስለ አደባባይዋ ስፋት አይነግረንም። የተማሪው ፈተና በገበታው ላይ መሆኑን ስላወቀ በቀጥታ ወደ ገበታው ይወስደናል። ደግሞም ዳንኤል ሁሉን እንቢ አላለም፥ ሁሉንም እሺ አላለም። የሚለቀውንና የማይለቀውን ነገር በመጀመሪያው ሰሞን ለየ፤ ጥበቡም ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ነገር በአብነት ትምህርት ቤት ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ቅኔ ፈልጎ ወንዝ የሚሻገር የቆሎ ተማሪ፥ ዋሸራም ይሂድ ጎንጅ፥ መንግሥቱ ባይለወጥበት እንኳ ኑሮው ይለወጥበታል። ወላጆቹ ተከትለው እንዳይመልሱት ብሎ ስሙን የሚለውጥ ብዙ ነው። ማዕዱ በአኩፋዳው የተጠራቀመ ቍራሽ ነው፤ ቋንቋውም ግስ የሚያወርድበት ግእዝ ነው። ከቈላ ወጥቶ በደጋ ዳሞት ውርጭ ደበሎ ለብሶ ያደረ ልጅ የመጀመሪያይቱን ሌሊት እስከ ሽምግልናው አይረሳትም። በሰው ደጅ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ከውሻው ይልቅ ኀፍረቱ ይነክሰዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ኀፍረቱ ወደ ትሕትና ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የመምህሩ ቃል በልቡ መግባት ይጀምራል። የመጀመሪያው ሰሞን መከራ የትምህርቱ መቅድም ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

አሁን «አዲስ ዓለም»ን በዚህ መለኪያ እንመዝነው። የአወቀ የፓሪስ ዘመን በአጭር ቃል ያልፋል፤ ሰፊው የመጽሐፉ ክፍል ከተመለሰ በኋላ ያለው ነው። አንባቢ ግን የተጉለቱ ልጅ በዚያ ከተማ የመጀመሪያይቱን ረቡዕና የመጀመሪያይቱን ዓርብ እንደምን እንዳሳለፋት፥ ቋንቋው ሳይፈታለት በፊት ሰው ሲስቅበት ምን እንዳለ፥ ከሀገሩ ልጅ ጋራ በአማርኛ መነጋገር ሲናፍቀው ከማን ጋራ እንደ ተጽናና እስኪጠግብ ሊሰማ ይወዳል። በቅኔ ቤት አነጋገር ብንናገር፥ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ሊሆን የሚገባው ምስጢር በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተዘግቷል። ጉባኤ ቃና በራሱ የተናቀ አይደለም፤ ለጀማሪ የሚሰጥ ቢሆንም ሊቅም ይቀኝበታል። ነገር ግን ሰው የተለወጠበትን ዘመን አጥብበው ሲያልፉት፥ አንባቢው ለውጡን በጸሐፊው ቃል ያምናል እንጂ በዐይኑ አያየውም።

ይህ ጕድለት ጸሐፊው የባዕድን ሀገር ካለማወቃቸው የመጣ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮጳ ሲሄዱ አብረው ሄደዋል፤ የእኛው የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ጉዞ ነበሩ። ኅሩይ ያን መንገድ «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ መልእክተኛ ሆነው ከሦስት ባልንጀሮቻቸው ጋራ ወደ ጃፓን ሄዱ፤ በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ፤ መጽሐፉም በኋላ ወደ ጃፓን ቋንቋ ተተርጕሟል። በእነዚህ በሁለቱ መጻሕፍት የምናየው መንገደኛ ግን እንግዳ ነው። ለእንግዳ ማዕድ ይዘረጋለታል፥ አስተርጓሚ ይቆምለታል፥ አደባባይ ወጥቶ የሚቀበለው ሹም አለው። ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ መጻተኛ ነው። የመጻተኛ መንገድ ከተቀባዩ ሹም ክብር አይጀምርም፤ ከሌሊቱ ብቸኝነት ይጀምራል። የመልእክተኛው ብዕር ያየውን ሁሉ በቅን ልብ ዘግቧል፤ ወደ ልብ ወለዱ ሲገባም ይህንኑ ልማድ ይዞ ገባ። ስለዚህ አወቀ ወደ ፓሪስ የገባው እንደ ተማሪ ሲሆን፥ የተጻፈው ግን እንደ መልእክተኛ ነው።

አንድ ሌላ ታሪክ በዚህ ላይ ይጨመር። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስን፥ ጉግሣ ዳርጌንና ቅጣው ዘአማኑኤልን ከሙሴ ኢልግ ጋራ ለትምህርት ወደ ስዊስ ሀገር፥ ወደ ኔሻቴል ከተማ ላኩ። ሦስት ሆነው ሄዱ፤ የዐድዋ ጦርነት በቀረበበት ዘመን ግን ከላካቸው ንጉሥ ተለይተው ወደ ጣልያን ወገን አለፉ። የእነዚህም መንገድ እንደ አራቱ ወጣቶች በአንድነት ነበር፤ የማኅበር ጉዞ ብቻውን ግን ሰውን እንደማይጠብቅ ታሪካቸው ያስረዳናል። አራቱን የጠበቃቸው ቍጥራቸው ሳይሆን የማይለቁትን ነገር አስቀድመው አንድ ልብ ሆነው መቍረጣቸው ነው። አፈ ወርቅ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ዋሕድን በባዕድ እጅ በባርነት ሲጥሉት፥ እኅቱንም ወንድ አስመስለው ሲያንከራትቱ እናያለን። የመጻተኛን ኀዘን በዚያ አጻጻፍ የምናገኘው ጸሐፊው ራሳቸው በባዕድ ሀገር ብዙ ዘመን ስለ ኖሩ ይመስለኛል። በራሳቸው ስም ያልተናገሩትን በዋሕድ ስም ተናገሩት። ከልብ ወለድ ጥቅሞች አንዱም ይህ ነው።

እስካሁን የነቀፍነውን ያህል አሁን የሚመሰገነውን እንናገር። «አዲስ ዓለም» በፓሪስ ያልጻፈውን ፈተና በተጉለት ጽፎታል። አወቀ የመጻተኛ ኑሮ የሚቀምሰው ከተመለሰ በኋላ በተወለደበት ቀዬ ነው። ሰው ሁሉ ሃይማኖቱን ለውጦ ይሆናል ብሎ ይጠራጠረዋል፤ ንግግሩና አካሄዱም ይመረመራል። አባቱ ሲሞትበት ስለ ተዝካሩ፥ ሚስት ሲያገባም ስለ ሠርጉ፥ ልማዱን ካልፈጸምህ ከእኛ አይደለህም ይባላል። ባቢሎን ዳንኤልን እንደ ፈተነችው ተጉለት አወቀን ትፈትነዋለች። የሚለቀውንና የማይለቀውን የሚለይበት ዐሥሩ ቀን በዚያ ደረሰበት፤ ልማዱን ለቀቀ፥ እምነቱን ያዘ። ኅሩይ ይህን በማየታቸው ከእርሳቸው በፊት በአማርኛ የተጻፈውን ሁሉ አልፈዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። ወደ ባዕድ ሀገር የሄደ ሰው መከራ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ሲገባ፥ ሁለተኛው ሲመለስ። ሁለተኛው ይከብዳል፤ በባዕድ ሀገር የሚያፍርበት ሰው ባዕድ ነው፥ በሀገሩ ግን የሚያፍርበት እናቱ ናትና።

ካህናት ይህን መጽሐፍ ስናነብ የሚወቅሰን እኛን መሆኑን አይተን ልንቈጣ አይገባም። ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙ አራት ዓመት በኋላ የተጻፈ ነውና፥ ጸሐፊው ቤተ ክርስቲያናቸው በራስዋ ልጆች መመራት ስትጀምር ቤትዋንም ታጽዳ ብለው የተናገሩት የልጅ ቃል ነው። ስለ ተዝካር የተናገሩትን እንኳ በቋንቋ ብንመረምረው፥ ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ፍቺውም መታሰቢያ ነው። በቃሉ ውስጥ ጸሎት አለ፥ ምጽዋት አለ፤ ጠላና ጠጅ ግን የለም። ለሙታን መጸለይ የአባቶች ሥርዐት ነው፥ አይነካም፤ ባለ ዕዳ የሚያደርገው ድግስ ግን የሰፈር ልማድ ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት ያቃተው ካህን፥ ከሩቅ ሀገር የተመለሰውን ተማሪ ሃይማኖትህን ለወጥህ ብሎ ቢከሰው ክሱ ሚዛን የለውም። ዛሬም የሚመለሱትን ልጆች ስንቀበል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን በላህ?» መሆኑን ብንተው መልካም ነው። «ማን አጽናናህ? የቱን ያዝህ፥ የቱንስ ተውህ?» ብለን ብንጠይቅ ልጁ ልቡን ይከፍትልናል፤ ያልተከፈተ ልብ ደግሞ ንስሓ አይገባም።

መጽሐፉ ሌላም ጕድለት አለው፥ እርሱንም አንሸሽግም። አወቀ ስሙ እንደሚያመለክተው ሳይማር ያወቀ ይመስላል። አይሳሳትም፥ አይፈራም፥ የሚመልሰው ቃል አይታጣበትም። ተከራካሪዎቹ ደግሞ የሚናገሩት ድል ለመነሣት ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቅኔ ወርቁ ሰሙን የዋጠበት ቅኔ ይባላል፤ መምህራን ተማሪውን «ሰምህን አጥና» የሚሉት ያን ጊዜ ነው። ሰሙ በደንብ ካልተሠራ ወርቁ የሚፈስበት ቦታ አያገኝም። በመጨረሻም ሊቃውንት ስለ ሥርዐቱ መታረም የሚመክሩበት ጉባኤ መጥቶ ነገሩን ሲያቃናው፥ አንባቢ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር በእውነት በአንድ ጉባኤ አያልቅም። ዳንኤል እንኳ ከዐሥሩ ቀን በኋላ የአንበሶች ጕድጓድ ጠበቀው። ዳሩ ግን ጸሐፊው መጽሐፉን ሲጽፉ ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሀገር የላኩ አባት ነበሩ። አባት ለሚመለስ ልጁ ቤቱን ጠርጎ እንደሚቆይ፥ እርሳቸውም ሀገሩን በብዕር ጠርገው ሊቆዩ ፈለጉ። የመጽሐፉ ስም «አዲስ ዓለም» የሆነውም ስለዚህ ነው፤ አዲሱ ዓለም ፓሪስ አልነበረም፥ የተመለሰው ልጅ የሚኖርበት ተጉለት ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1928 ዓ.ም. ሀገራችን በጠላት ስትወረር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሰደዱ፤ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያም የሀገራቸውን ነጻነት ሳያዩ በዚያው ዐረፉ። በመልእክተኛነት አውሮጳንና ጃፓንን ያዩ ሰው በመጨረሻ መጻተኛ ሆኑ። ስለ መጀመሪያው የስደት ሰሞናቸው እንደ ዳንኤል ጸሐፊ ወደ ገበታው የሚወስድ አንድ ምዕራፍ ቢጽፉልን ኖሮ፥ በ«አዲስ ዓለም» የጐደለውን እርሱ ይሞላው ነበር።

ይህ ምዕራፍ ገና አልተጻፈምና የሚጽፈው ይገኝ። ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ ከተሞች የእኛ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በማኅበር ለትምህርት የሚሄዱ ወጣቶችም ከቀድሞው ተማሪ ይልቅ የሚጽናኑበት አላቸው። ከእነርሱ መካከል ብዕር የሚይዝ ቢገኝ፥ ስለ ሕንጻው ቁመትና ስለ መንገዱ ስፋት የሚጽፍ ብዙ ነውና ያንን ለሌላው ይተውለት። የመጀመሪያውን ዐሥር ቀን ይጻፍ፤ ስሙን ማን እንዴት አድርጎ እንደ ጠራው፥ በየትኛው ቃል እንደ ተሳሳተ፥ የዓርብ ማዕዱን ከማን ጋራ እንደ ቈረሰ ይጻፍ። አባቶችም «አዲስ ዓለም»ን ከትንቢተ ዳንኤል የመጀመሪያ ምዕራፍ ጋራ አንድ ላይ ያንብቡት፤ ልጅን መሸኘት ብቻ ሳይሆን መቀበልም ትምህርት እንደሚያስፈልገው ከሁለቱ ይረዳሉ።