ቀድቶ መሣልና የመፍጠር ድፍረት

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሥዕል ክፍለ ጊዜ በብዛት የሚታየው አሠራር የታወቀ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎጆ፣ ዛፍ ወይም ጀበና ይሥላል፤ ተማሪዎቹም በየደብተራቸው ይገለብጣሉ። ማርኩም የሚሰጠው ሥዕሉ ከሰሌዳው ጋር በሚኖረው ተመሳሳይነት መጠን ነው። ይህ ዘዴ ብዙ ተማሪ ለሚገኝበት ክፍል አመቺ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሥዕል ትምህርት ሊያስገኛቸው ከሚገቡት ሁለት ፍሬዎች፣ ይኸውም ከእጅ ሙያና ከመፍጠር ድፍረት፣ አንዱንም በሚገባ አያስገኝም። ተማሪው የሚገለብጠው ጀበናውን ሳይሆን የመምህሩን መስመር በመሆኑ ዓይኑ መርምሮ ማየትን አይለምድም፤ መስመሩ ያልተመሳሰለለትም ተማሪ «ሥዕል አልችልም» ብሎ በልጅነቱ ይደመድማል።

ይህን አሠራር ቀደም ብለው ከተቃወሙት አንዱ ፍራንዝ ቺዜክ ነው። ቺዜክ እ.ኤ.አ. በ1897 በቪየና በከፈተው የልጆች የሥዕል ክፍል ልጆች የአዋቂን ሥራ ከመቅዳት ይልቅ የራሳቸውን እንዲሥሉ አድርጓል። ቪክቶር ሎወንፌልድም እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ የልጅ ሥዕል ከዕድሜው ጋር በደረጃ የሚያድግ መሆኑን ገልጾ፣ ልጁ ቀለም ብቻ እንዲቀባባቸው የሚዘጋጁትን ሥዕሎች ነቅፏል። ነቀፌታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡን በከፊል የተረዳ መምህር «እንደ ፈለጋችሁ ሣሉ» ብሎ ወረቀት አድሎ ሊቀመጥ ይችላል። ዕድሜው ከፍ ያለ ተማሪ ግን ያሰበውን በወረቀት ላይ ማሳረፍ ሲያቅተው ነጻነቱ ብቻ አይበቃውም። ድፍረት የሚጸናው በሙያ ነውና።

የኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው መነኩሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የቤተ ክርስቲያንን የአሣሣል ሥርዓት ጠብቆ ሳለ የራሱ መለያ ያላቸውን ሥዕሎች ትቷል። በቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም፣ ከጀርመን የተመለሱት ገብረ ክርስቶስ ደስታና ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ከጠልሰም ሐሳብ ይቀስሙ የነበሩት እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረዋል። የመምህራኑ ስልት የተለያየ መሆኑ ለተማሪዎቹ ከአንድ በላይ የአሣሣል መንገድ መኖሩን አሳይቷል። ስለዚህ ጥፋቱ መቅዳት በራሱ አይደለም፤ መቅዳት የትምህርቱ መጀመሪያም መጨረሻም ሲሆን ነው እንጂ።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መምህሩ በሰሌዳ ላይ በመሣል ፈንታ እውነተኛውን ጀበና በክፍሉ መካከል ቢያስቀምጥና ተማሪዎቹን ዙሪያውን ቢያስቀምጣቸው፣ ለአንዱ እጀታው፣ ለሌላው አፉ፣ ለሦስተኛው ጎኑ ብቻ ይታየዋል። ሁሉም ያየውን በትክክል ሲሥል ሥዕሎቹ አንድ ሊሆኑ አይችሉም፤ ልዩነቱም ስሕተት መሆኑ ይቀራል። ቀለም ከሌለ ከሰል፣ ወረቀት ካነሰ የሸክላ አፈር ያገለግላል። ማርኩም ተማሪው ከቀድሞ ሥራው ምን ያህል እንደ ተሻሻለ የሚመዝን ሊሆን ይገባል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች በመምህሩ መምሪያ ላይ የሚሣለውን ነገር ከመዘርዘር አልፈው ይህን የአመዛዘን ለውጥ ካላሰፈሩ ግን፣ የመምህሩ ጥረት በፈተና ዕለት ተመልሶ ወደ ሰሌዳው ይሄዳል።