ስለ ሁለት የጽሕፈት ሣጥኖች

በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ስለ ተሠሩት የጽሕፈትና የስፌት ሣጥኖች የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይነግሩናል፤ አንደኛው የጌጡ ዓይነት፥ ማለት የናሱ ማዕዘንና የዛጎሉ ፈርጥ ሲሆን፥ ሁለተኛው የባለቤቱ ስም ነው። ሠሪው በመካከል ይጠፋል። ይህ አመዛዘን ምን ያህል ጎደሎ እንደ ሆነ ለማየት ከቶማስ ጄፈርሰን ቤት የወጡትን ሁለት የጽሕፈት ሣጥኖች መመልከት ይበቃል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው በዋሽንግተን፥ በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር የሚገኘው ነው። ንድፉን ጄፈርሰን ራሱ አውጥቶ፥ በፊላዴልፊያ ቤንጃሚን ራንዶልፍ የተባለ የእንጨት ባለሙያ በ1776 ከማሆጋኒ ሠራለት። ክዳኑ ሲዘረጋ መጻፊያ ገበታ ይሆናል፤ ወረቀት፥ ብዕርና የቀለም ቢልቃጥ የሚቀመጥበትም ባለ ቁልፍ መሳቢያ አለው። ሲታጠፍ ከአንድ መካከለኛ መጽሐፍ የበለጠ ስፍራ አይዝም። የአሜሪካ የነጻነት ዐዋጅ የተረቀቀው በዚህ ላይ ነው። እንደ ዕቃ ስመዝነው ልከኛ ሥራ ነው፤ መንገደኛ የሚሻውን ይዟል፤ ትርፍ የለውም። ውብ ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ ጄፈርሰንም ቢሆን የተለየ ውበት አለው አላለም።

ሁለተኛውን የሠራው ጆን ሄሚንግስ ነው። ይህ ሰው በሞንቲቼሎ የጄፈርሰን ባሪያ የነበረ አናጢ ሲሆን የተወለደውም በዚያው በ1776 ነበር። የጄፈርሰን የልጅ ልጅ ኤለን በ1825 ጆሴፍ ኩሊጅን አግብታ ወደ ቦስተን ስትሄድ ሣጥን ሠራላት፤ የስፌት ሳይሆን የጽሕፈት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ዕቃዋን የጫነው መርከብ ግን ከነሣጥኑ በባሕር ጠፋ።

ጄፈርሰን በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለኤለን በጻፈው ደብዳቤ የሄሚንግስን ኀዘን ሲገልጽ፥ ቨርጂል እንኳ ኤኔይድ የተባለው ግጥሙ በእሳት ቢበላበት ከዚህ አብልጦ ባላዘነ ነበር ይላል። የጠፋውንም ሣጥን ውብ ብሎ ይጠራዋል። ሌላ እንዲሠራ ቢጠይቀው፥ ዓይኑ እንደ ደከመና የፊተኛውንም አሠራር በሚገባ እንደማያስታውሰው መለሰለት። ስለዚህ ጄፈርሰን የራሱን አሮጌ ሣጥን ለባልዋ ሰደደ፤ ዋጋውም ከዓመት ወደ ዓመት በሰው ግምት እየጨመረ ሄዶ፥ ምናልባት በአገሩ የልደት በዓል እንደ ቅዱሳን ዐፅም በሰልፍ ይወጣ ይሆናል ሲል በፈገግታ ተነበየ።

እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ አንድን ባሪያ ከታላቁ የላቲን ባለቅኔ ጋር አስተካከለው፤ ሣጥንም እንደ ግጥም ደራሲ እንዳለው መሰከረ። ይህን ያህል አይቶ ሳለ ደራሲውን እስኪሞት ድረስ በባርነት መያዙ ነው የሚያስደንቀኝ። ሄሚንግስ ነጻ የወጣው ጄፈርሰን በ1826 ከሞተ በኋላ በኑዛዜው ነው፤ የሥራ መሣሪያዎቹም ተሰጡት። ሚስቱ ፕሪሲላ ግን የጄፈርሰን ሴት ልጅ ቤተሰብ ንብረት ስለ ነበረች ኑዛዜው ለእርስዋ አልደረሰላትም።

የጠፋ ዕቃ ትችት አይቀበልም የሚል ይኖራል። እኔ ግን የተረፈውም ቢሆን የሚከበረው ስለ አናጢው እጅ ሳይሆን ስለ ጸሐፊው እጅ ነው እላለሁ። እንዲህ ከሆነ ክብሩ የቅርስ ክብር እንጂ የሥራ ክብር እንዳልሆነ በግልጽ ይነገር።

ሄሚንግስ በፖፕላር ፎረስት፥ በጄፈርሰን ሁለተኛ ቤት፥ የሠራው የእንጨት ሥራ በ1845 በተነሣው እሳት ተበላ። ከዚያው ቤት ስለ ጣራና ስለ ሌላም ሥራ ለጌታው በገዛ እጁ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ዛሬም አሉ።