የሄፍት ቤት ዝይዎችና የዎ ብዕር

ኅዳር 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ጠቅላይ ሠፈራቸውን ወደ ደሴ ሲያዛውሩ፣ የውጭ ጋዜጠኞችም ስንቅና ድንኳን በካሚዮን ጭነው ወደዚያው አቀኑ። ከመካከላቸው አንዱ የለንደኑ «ዴይሊ ሜይል» ወኪል ኢቭሊን ዎ ነበር። የደሴን ብርድ በድንኳን ሊያሳልፍ ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ትቶት የሄደው ማረፊያ «ዶይቸስ ሃውስ» ይባላል።

የቤቱ ባለቤቶች ሄፍት የሚባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታንጋኒካ በእንግሊዝ እጅ ስትገባ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ከተሰደዱት ወገን ናቸው። የከተማው ጀርመኖች፣ አብዛኞቹ ኑሮ ያልሞላላቸው መካኒኮችና ጥቃቅን ሥራ የያዙ ሰዎች፣ ካርታ ለመጫወትና አልፎ አልፎም እራት ለመብላት እዚያ ይሰበሰቡ ነበር።

ዎ በ1936 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጉዞ መጽሐፉ ለዚህ ቤት የሰጠው ቦታ ጥቂት ነው፤ ጥበቡ ግን በዚያች ጥቂት ቦታ ይታያል። ግቢው ውስጥ የተለቀቁ ሁለት ዝይዎች የመጣውን ሁሉ ያጠቃሉ። አቶ ሄፍት ዛሬ ነገ አርዳቸዋለሁ ይላል። ጸሐፊው ኢትዮጵያን ለቆ ሲወጣ ዝይዎቹ በሕይወት አሉ። ሰውዬው አፉ እንጂ ልቡ እንደማይጨክን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል፤ ደራሲው ስለ ጠባዩ አንዲት ቃል አልጨመረም። ወራት ማለፋቸውንም የነገሩን ዝይዎቹ ናቸው።

በ1938 እ.ኤ.አ. «ስኩፕ» የተባለ ልብ ወለዱ ሲወጣ ቤቱ «ፓንሲዮን ድሬስለር» ሆኖ ተመለሰ። አሁን እንግዳ የምታሳድደው በገመድ የታሰረች የምትታለብ ፍየል ናት። በመጣው ሰው ላይ ትንደረደራለች፤ ገመዱ ይይዛታል። ደግማ ትሞክራለች፤ አሁንም ይይዛታል። አንባቢው ስቆ ካለፋት በኋላ፣ ያልተፈለገ እንግዳ በመጣ ቀን ገመዱ ይበጠሳል። ዝይዎቹ የታየ ነገር ነበሩ፤ ፍየሏ የተሠራች ናት። የዓይን ምስክርነት ወደ ልብ ወለድ ሲሻገር ምን እንደሚጨመርበት ማወቅ የፈለገ ጀማሪ ደራሲ ይችን ገመድ ይከተላት።

ዎ ለኢትዮጵያ ፍትሐዊ አልነበረም፤ በጦርነቱ ለጣሊያን ማድላቱን አልሸሸገም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ እዚያ የነበረው የአሜሪካውያን ሆስፒታል ሳይቀር መመታቱን ለምናውቅ፣ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ያው ብዕር ስደተኞቹ ግቢ ሲገባ ግን ንቀቱን ከደጅ ያስቀምጣል። ምክንያቱ፣ እንደሚመስለኝ፣ እዚያ ከሐሳብ ጋር አልተከራከረም፤ ሰው ሲሠራ በቅርብ አየ። ቅርበቱን ለነወይዘሮ ሄፍት ሰጠ፤ ለአስተናጋጅ አገሩ ነፈገ።

ስለዚህ ዎን የሚያነብ የወሎ ጸሐፊ ፍርዱን ትቶ ሙያውን ይውሰድ። ለምሳሌ፣ የአሰብና የአዲስ አበባ መንገዶች የሚገናኙት በወሎዋ ኮምቦልቻ ላይ ነው። እዚያ በእኩለ ሌሊት «አልጋ አለ?» ለሚል ሾፌር በር መክፈት፣ ደክሞት የተበሳጨውን በልክ ማስተናገድ፣ የማይከፍለውን ለመክፈል ከሚዘገየው መለየት ሙያ ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው ወሎዬ እንግዳ ተቀባይ ነው ብሎ ባይጀምር ይሻላል። አንዲት ባለ ሆቴል ቁልፍ ስትሰጥ አጠገቧ ይቁም፤ ደግነቷን አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።