በልደታ አካባቢ ስላሉ የቡና መሸጫ ቤቶች አመዛዘን

በአማርኛ «ቡና ቤት» የሚለው ቃል አስቀድሞ ፍርድ ያለበት ቃል ነው። እንደ ቃሉ አገባብ ቡና የሚጠጣበት ቤት ማለት ቢሆንም፥ በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ለብዙ ዘመን ሲያመለክት የኖረው ቢራና አረቄ የሚሸጥበትን፥ ሌሊቱ የሚገፋበትን ቤት ነው። ስለዚህም ጨዋ ሰው «ቡና ቤት አመሸሁ» ብሎ በአደባባይ ለመናገር ያፍራል። ቡና በማሽን እየተቀዳ የሚቀርብበት ቤት በባዕድ ስም «ካፌ» ተባለ፤ ከከሰል ምድጃ ተነሥቶ በረከቦት ላይ የሚቀዳበት ደግሞ የቤቱ ስም ቀርቶ በዕቃው ስም «ጀበና ቡና» ተባለ። እንግዲህ የቡና መሸጫዎችን እመዝናለሁ የሚል ሰው፥ ሚዛኑን ከማንሣቱ በፊት ከሦስቱ የትኛውን ሊመዝን እንደ ተነሣ መናገር ይገባዋል። ዛሬ የተለመደው ግን ይህን ሳይናገሩ መመዘን ነው።

ልማዱ የታወቀ ነው። በእጅ ስልክ ካርታ ላይ እያንዳንዱ ቤት ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ኮከብ ይመዘናል፤ ጠጪውም ስለ ጣዕሙ፥ ስለ አስተናጋጁ ፈገግታና ስለ ወንበሩ ምቾት ሁለት ሦስት መስመር ይጨምርበታል። ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በተግባረ እድ በኩል እስከ ልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው፥ መንገዱን ይዘው የቆሙትን ካፌዎች በዚህ ሚዛን ተመዝነው ያገኛቸዋል። ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ሥር፥ ከደረጃው አጠገብ፥ ከፍርድ ቤቱ አካባቢ ትናንሽ በርጩማ ደርድረው ጀበናቸውን ከሰል ላይ ጥደው የሚቀመጡትን ሴቶች ግን ሚዛኑ አያውቃቸውም። ሰሌዳ የላቸውም፥ የንግድ ስምም የላቸውም፤ የሚታወቁት በባለቤቲቱ ስም ወይም «ከደረጃው ሥር ያለችው» በሚል ምልክት ነው። ስም የሌለው ቤት ደግሞ ኮከቡ የሚንጠለጠልበት ቦታ የለውም። ጧት ወደ ሥራው የሚጣደፈው ሰው ግን ቆም ብሎ አንድ ስኒ የሚጠጣው ከነዚሁ ዘንድ ነው።

ለቤት ኮከብ የመስጠት ልማድ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። በፈረንሳይ አገር የመኪና ጎማ የሚሠራው የሚሽለን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1900 ለመኪና ነጂዎች የመንገድ መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ኮከቡን ሦስት ደረጃ አደረገው። የደረጃዎቹ ትርጓሜ ነገሩን ይገልጸዋል። ሁለት ኮከብ ማለት ከመንገድ ወጣ ብሎ ሊጎበኙት የሚገባ፥ ሦስት ኮከብ ማለት ስለ እርሱ ብቻ ተብሎ ጕዞ የሚነሡለት ቤት ማለት ነው። ኮከብ እንግዲህ ለመንገደኛ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። አገሩን ለማያውቅ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያልፍ፥ የት ልግባ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው የተበጀ ነው። የልደታ ቡና ጠጪ ግን መንገደኛ አይደለም። ትናንት መጥቶ ነበር፥ ነገም ይመጣል፤ ባለጀበናዋን ያውቃታል፥ እርሷም ታውቀዋለች። የመንገደኛውን ሚዛን ለጎረቤት ማንሣት ሚዛኑን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንዲመልስ ያደርገዋል እንጂ።

ከኮከቡ ይልቅ የተጠነቀቀው የቀማሾች ሚዛን ነው። በዓለም አቀፍ የልዩ ቡና ንግድ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በኖረው ሥርዐት ስኒው በ10 ነገር ይመረመራል፤ በመዓዛው፥ በቃናው፥ ከተዋጠ በኋላ በአፍ በሚቀረው ጣዕም፥ በኮምጣጣነቱ፥ በክብደቱ፥ እነዚህም ሁሉ እርስ በርሳቸው በመመጣጠናቸው፥ ከስኒ ስኒ ባለመለዋወጡ፥ ከባዕድ ጣዕም ንጹሕ በመሆኑ፥ በጣፋጭነቱና በመጨረሻም በቀማሹ ጠቅላላ ፍርድ። ለያንዳንዱ እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከመቶው 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ልዩ ቡና ይባላል። ቀማሹ የፈላ ውኃ የፈሰሰበትን ዱቄት አራት ደቂቃ ያህል ጠብቆ ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ይሰብርና ያሸታል፤ ኋላም ከማንኪያው በኃይል እየሳበ ይቀምሳል፤ ቀምሶም ይተፋዋል። ቡናውን የማይውጥ ዳኛ ነው። ለዐቃቤ ሚዛን ይህ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ሲሆን፥ ለቡና ጠጪ ግን እንግዳ ነገር ነው።

ልደታ ለዚህ ዓይነቱ ሚዛን ባዳ አይደለችም። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መቀመጫው በሜክሲኮ አካባቢ በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሻጭና ገዢ በግብይቱ አዳራሽ እየተጯጯሁ ይዋዋሉ፥ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። ቡናው አስቀድሞ በቤተ ሙከራ ይመዘናል፤ ከመቶው 40 ለጥሬው ፍሬ፥ 60 ለስኒው ይሰጣል። ገዢውም ፍሬውን ሳያይ ደረጃውን ብቻ አይቶ ይገዛ ነበር። የጎጃም በረንዳ እህል ነጋዴ ሳይዘግን የማይገዛ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፥ ይህ በሚዛን ላይ የተጣለ እምነት እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ነገር ግን ከዚያ ሕንፃ ወጥቶ በአቅራቢያው ካለች ባለጀበና ዘንድ አረፍ የሚል ሰው የሚጠጣው ያንን ቡና አይደለም። ቡና ለአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለሆነ፥ ለውጭ ገበያ የተመደበው ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ሲከለክል ኖሯል። ለአገሬው ጀበና የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከምርጫው የወደቀው ፍሬ ነው፤ የተሰበረው፥ ነቀዝ የነካው፥ ሳይበስል የተለቀመው። ፈራጅ ከዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በልደታ ቡናው እስኪጠቁር የሚቆላው ስለ ምንድን ነው? የጠጪው ምርጫና ልማድ አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ሌላው ግን ጠቆር ያለ አቆላል የፍሬውን ጕድለት የሚሸፍን መሆኑ ነው። ስኳሩና ጤና አዳሙም፥ ባንዳንድ ሰው ዘንድ የሚጨመረውም ጨው፥ የቆየ ልማድነታቸው እንዳለ ሆኖ፥ በዚሁ ሥራ ይተባበራሉ። ይህ ስኒ በመቶ ነጥብ ቢመዘን ይወድቃል። የወደቀው ግን ባለጀበናዋ እጅ ከመግባቱ በፊት ነው። ከወደቀ ፍሬ ሰው ተመልሶ የሚመጣለት ቡና ማውጣት ሙያ ነው፤ ይህን ሙያ የሚመለከት ነጥብ ግን ከ10ሩ መካከል አንድ እንኳ የለም።

ሕዝቡ የራሱ ሚዛን የለውም ማለትም ስሕተት ነው። ቡና ወፈረ፥ ቀጠነ፥ አረረ፥ አልሰከነም ይባላል፤ እነዚህ ሁሉ የፍርድ ቃላት ናቸው። ሲመሰገን ግን የሚመሰገነው ቤቱ ወይም ፍሬው ሳይሆን እጁ ነው፤ «እጅሽ ይባረክ» ይባላል። ነቀፌታው በቤት ውስጥ ሥርዐት በቃል አይነገርም፤ በመነሣት ይገለጻል። አቦል፥ ቶና፥ በረካ የሚሉት ሦስቱ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ሲሆኑ መጀመሪያ፥ ሁለተኛና በረከት ማለት ናቸው። ይህም ቡና በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የእስላም መጠጥ ተብሎ ሲነወር የኖረ መሆኑን ያሳስባል፤ ነውሩ የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስም ነገሩን ማለዘባቸው እንደ ረዳ ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። ሦስቱ ዙር ራሱ ሚዛን ነው። ከአቦል በኋላ የሚነሣ እንግዳ ምክንያቱን መናገር አለበት፤ እስከ በረካ የቆየ ግን ለቡናውም ለቤቱም መሰከረ ማለት ነው። ማንም ኮከብ ሳይቈጥር ፍርዱ ተሰጠ፤ ማንም አላፈረም።

ይህ የቤት ሚዛን በልደታ ለምን ወደ ደረጃው ሥር እንደ ወረደ ለመረዳት የሠፈሩን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆሙ። ከነዋሪው ከፊሉ እዚያው ሲቀር ከፊሉ ወደ ከተማዪቱ ዳር ሄደ፤ ከአጥር ወዲያና ወዲህ ለቡና ይጠራሩ የነበሩ ጎረቤቶች ተበተኑ። በፎቅ ላይ ከሰል ማቀጣጠልና ቡና መቍላትም ችግር ነው፤ ጢሱ ባለ ላይኛውን ያስከፋል፥ የዘነዘናው ድምፅ ባለ ታችኛውን። ቡናው ከቤት ወጥቶ ወደ ምድር ወረደ፤ ሲወርድም ዙሮቹን ጣለ። ገንዘብ የከፈለ ሰው ሁሉ አቦል ይሻል፤ ቶና ቢቀዳለት የተታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ስኒ ጠጥቶ መነሣት ነቀፌታ መሆኑ ቀረ፤ ፍርዱ ወደ ነገ ተዛወረ። ነገ የሚመለሰው «ደንበኛ» ይባላል። ቃሉ አዘውታሪ ገዢ ማለት ሲሆን ትክክለኛ፥ እንደ ደንቡ የሆነ ማለትም ነው፤ አማርኛ ከዚህ ላይ ሁለቱን አንድ ማድረጉ የአጋጣሚ አይመስልም።

ደንበኛ መሆን ደግሞ መመዘን ብቻ ሳይሆን መመዘንም ጭምር አለበት፤ ጠጪው ቡናዋን እንደሚመዝን ባለጀበናዋም ጠጪውን ትመዝነዋለች። ዱቤ የሚጻፍለት ማን ነው? እስከ ደመወዝ ቀን የሚታገሡት ማንን ነው? ስኳር ስንት እንደሚያደርግ ሳይጠየቅ የሚቀዳለትስ? የኮከቡ ሚዛን ይህን ሁለተኛ ወገን ከቶ አያውቅም። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ አካባቢ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ጠበቃው፥ ባለጕዳዩና ማመልከቻ ጸሓፊው እዚያ የሚቀመጡት ለመጠበቅ ነው። ቀጠሮው የተላለፈበት ባለጕዳይ በአንድ ስኒ ረዥም ሰዓት ቢቀመጥ ተነሣ የማትለው ሴት የምትሸጠው ቡና ብቻ አይደለም። ለዚህ ነገር የሩቅ አገር ምሳሌ አለው። በለንደን የኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት የተመረጠው የመርከብ ወሬ ስለሚሰማበት ነበር፤ ኋላም ታላቁ የኢንሹራንስ ገበያ ስሙን ወረሰ። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1675 ቡና ቤቶች እንዲዘጉ ባወጁ ጊዜ ያሳሰባቸው ወሬው እንጂ የቡናው ጣዕም አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲባል ጀበና ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። «ባህላችን ነው» የሚለው ቃል ዛሬ ለብዙ መጥፎ ቡና መሸሸጊያ ሆኗል። የቀዘቀዘውን ጀበና ደጋግሞ እያሞቁ መቅዳት ባህል አይደለም፤ ሳይሰክን ቀድቶ አተላ ማጠጣት ባህል አይደለም፤ በተቈላ እህል የተቀላቀለ ዱቄት ገዝቶ ማፍላትማ ማታለል ነው። ስለ ቄጠማው ቸር መሆን ይቻላል፤ በከተማው የፕላስቲክ ሣር አንጥፎ ቡና መሸጥ የተለመደ ነው፥ ጠጪውንም አይጎዳውም። በጠጪው ፊት መቍላት መቅረቱ ግን ከባድ ጕድለት ነው፤ ምክንያቱም ጢሱን ወደ እንግዳው ማምጣት ጌጥ ሳይሆን ፍሬው ምን እንደ ሆነ በአፍንጫ የማስመስከሪያ ሥርዐት ነበር። በትልልቅ ሆቴሎች መግቢያ ጥበብ ቀሚስ ለብሳ የምትታይ ቆንጆ ካለች፥ ፈንዲሻውም ከተበተነ፥ ስለ ስኒው የሚጠይቅ የለም። እዚያ ኮከብ መስጠት ተገቢ ነው፤ የሚጠጣው በእውነት መንገደኛ ነውና።

ስለ ካፌዎቹ ብዙ መናገር አያሻም። ማሽኑና ማኪያቶው ከጣልያኖች ጋር የመጡ ናቸው፤ በፒያሳ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ቶሞካ ቆሞ መጠጣትን ለከተማው ሰው ካስተማሩት መካከል ነው። ማሽን አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠራ አንዱን ቤት ከሌላው ማወዳደር ቀላል ነው፤ የልደታ ካፌዎችም በዚህ ሚዛን ሲታዩ አብዛኞቹ መካከለኛ፥ ወተታቸው ከቡናቸው የሚሻል ናቸው።

ባለጀበናዎቹን በቅን የሚመዝን ሰው መዝገቡ ሌላ መልክ ሊኖረው ይገባል። ፍሬውን ጥሬ ትገዛለች ወይስ ዱቄት? የት ትቈላለች? አንድ ጀበና ስንት ጊዜ ወደ ምድጃ ይመለሳል? ከተቀመጡት ስንቱን በስም ትጠራለች? ጠጪዎቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ ወይስ እያንዳንዱ ስልኩን ይመለከታል? ይህን ለመጻፍ አንድ ቀን አይበቃም፤ ሰውየው ራሱ ደንበኛ እስኪሆን መመላለስ አለበት፤ ደንበኛ ከሆነ በኋላ ደግሞ ለመፍረድ ይቸገራል። ችግሩ እውነተኛ ነው፥ መፍትሔም የተገኘለት አይመስልም።

መዝገቡ የሚያስፈልገውም ለሊቃውንት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚወስደውን መንገድ አድሷል፤ መንገድ ሲሰፋ ከዳር የተቀመጠ ይነሣል። ሰሌዳ ያለው ካፌ ሲነሣ ካርታው ላይ «ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ይተካል፤ ኮከቦቹም ይቈያሉ። ባለጀበናዋ ስትነሣ ግን የሚያውቀው ጧት መጥቶ በርጩማውን ያጣው ደንበኛዋ ነው። ያልተከፈለው የዱቤ ሒሳብ በደብተሯ ውስጥ አብሯት ሄዷል።