ለትንሽ ውሻ የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ

የሕይወት ታሪክ የሚባለው፣ አስከሬን አፈር ከመልበሱ በፊት ሟቹ የት ተወልዶ፣ ምን ሠርቶ እንዳለፈ ለለቀስተኛው የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ ይህን ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ማዘጋጀት ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ የብዕር ሙያ ነው። ወደ ሙያው አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ለሞተች ትንሽ የቤት ውሻ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መጻፍ ይገባል ወይስ ነውር ነው የሚለው ነው። መልሱ፣ የሚገባ ብቻ ሳይሆን ከሰው ይልቅ ለውሻ የግድ የሚያስፈልግ ነው የሚል ነው። ሰው ሲሞት ዕድሩ፣ ማለትም ጎረቤቶች በየወሩ እያዋጡ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር፣ ድንኳን ይተክላል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ በአርባኛው ቀን ተዝካር ይወጣል። ውሻ የሞተችበት ቤት ግን ለቀስተኛ የማይመጣበት፣ ልጆቹ እንኳ ተደብቀው የሚያለቅሱበት ስለሆነ፣ የቀረለት ቃል ብቻ ነው።

እንስሳን በቃል ማቆየት ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። የፈረስ ስም የተባለው ወግ፣ ጌታው «አባ» ተብሎ በፈረሱ ስም የሚጠራበት፣ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው አሰኝቷል። ይሁን እንጂ ወጉ ያቆየው የጌታውን ግርማ ነው፤ ታጠቅ ምን ያስደነብረው እንደነበር፣ ከማን እጅ ውኃ መጠጣት ይወድ እንደነበር በስሙ ውስጥ የለም።

ይኸው ጉድለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይወዱት በነበረው ውሻቸው በሉሉ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ሉሉ ቺዋዋ ነበር፤ ቺዋዋ መገኛው ሜክሲኮ የሆነ፣ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ግራም የማይበልጥ የውሻ ዘር ነው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ በሚተርክ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ ውሻው በመኳንንት ጫማ ላይ ሲሸና ጫማውን በጨርቅ የሚጠርግ አገልጋይ እንደነበረ ያወሳል። የመጽሐፉ እውነተኛነት ብርቱ ክርክር አስነስቷል፤ ይህን ሙያ የሚመለከተው ግን ሌላው ነገር ነው። ሉሉ በዚያ ገጽ የገባው ቤተ መንግሥቱን ለመንቀፍ እንጂ ስለ ራሱ እንዲነገርለት አይደለም፤ ዘሩ እንኳ የጃፓን ተብሎ ተጽፏል። ስለ መኳንንቱ ጫማ የጻፈ ሰው ስለ ውሻው ጽፏል ማለት አይቻልም።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ ጥብቅ ነው፤ «ታማኝ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ ፈጽሞ መውጣት አለበት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው ታማኝነት የውሻ ሁሉ ጠባይ ስለሆነ፣ ስለዚህችኛዋ የሚነግረው አንዳች ነገር የለም። መጻፍ ያለበት ሰዓቱ፣ በሩና ድምፁ ነው። ሰበታ ላይ አንዲት ውሻ አባወራው ከታክሲ ወርዶ ገና ከመታጠፊያው ሳለ ተነሥታ ጭራዋን መቁላቷ፣ ሱሉልታ ላይ ጅብ በጮኸበት ሌሊት የግቢው ትልቅ ውሻ በር በሩን ሲል ሌላዋ ትንሽ ውሻ አልጋ ሥር ገብታ ማጉረምረሟ፣ እያንዳንዱ የእርሷና የእርሷ ብቻ ነው። በስልክ የተነሡ ፎቶግራፎችን በሙዚቃ አጅቦ ማቀናበር ይበቃል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚይዛት ቆማ ሌንሱን ስትመለከት ነው፣ ቤተሰቡ የሚናፍቃት ደግሞ ማንም ሳያያት በምታደርገው ነገር ነው።

ጽሑፉ የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት መቃብሩ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባን በሚከብበው በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞም ቢሆን፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበደው ብዙ ቤተሰብ የሚጠጋባቸው ከተሞች ነበሩ። ተከራይ ውሻውን የሚቀብረው በአከራዩ ግቢ ጥግ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው፤ ኪራይ ሲጨመርበት ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ መቃብሩ እዚያው ይቀራል፣ የሚቀጥለው ተከራይም ሳያውቅ ጎመን ይተክልበታል። ከቤት ወደ ቤት አብሮ ሊጓዝ የሚችለው መቃብር ወረቀት ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለሰዎች በርካታ የሕይወት ታሪኮችን ካዘጋጀ በኋላ ምስጋናን ትቶ ዝርዝር መጻፍን የተማረው፣ ቡራዩ በተከራየው ቤት ቡቺ የምትባል ነጭ ውሻ በሞተችበት ክረምት ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁለት ገጽ ሙሉ ምስጋና ነበር፤ ለቤተሰቡ ሲነበብ ያለቀሰ አልነበረም። ታናሿ ልጅ «ይህ ስለ ቡቺ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ረቂቁ ተቀደደ። አሁን ቤተሰቡ ሱሉልታ ነው የሚኖረው፤ በቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ ያለው ወረቀት ግማሽ ገጽ አይሞላም። ቡቺ ማታ ማታ በደጃፉ የተደረደሩትን ነጠላ ጫማዎች አንድ በአንድ ታሸት እንደነበር፣ ባለቤቱ ገና ያልገባ ጫማ ካገኘችም በአፏ ይዛ ወደ በሩ ወስዳ አገጯን አስደግፋበት ትተኛ እንደነበር ይላል።